ዝሆን፣ ሽኮኮና ሰፍነግ፦ የሩቅ ዘመድ ነገር



በእኛ አገር፣ በራያ ቆላ፣ በሮቢትና በአካባቢዋ ዝሆንን በዓይኑ ያየ ሰው ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ስሙን የማያውቅ ግን የለም። ቁርአን ቤት የገባ ሕፃን ሁሉ ከአጫጭሮቹ ምዕራፎች ጋር ሱረቱል ፊልን በቃሉ ይይዛል። ዝሆን ምን እንደሚመስል ከማወቁ በፊት የአብረሃ ጦር በመካ ደጃፍ ምን እንደገጠመው ያውቃል። በሲራ ኪታቦች የዝሆኑ ስም ሳይቀር ተጽፏል፤ ማሕሙድ ይባል ነበር። ወደ መካ ሲያዞሩት ተንበርክኮ አልሄድም ያለው እርሱ ነው።

የሰፍነግ ነገር ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ስሙን የሚያውቅ ጥቂት ሲሆን ስሙን የተዋሰው ዕቃ ግን በየቤታችን አለ። «ስፖንጅ» የምንለው ፍራሽና ዕቃ ማጠቢያ ከፋብሪካ የወጣ ነው። ስሙ የተወሰደው ግን በባሕር ውስጥ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ከሚኖር ፍጡር ነው። ዐረቦች ኢስፈንጅ ይሉታል፣ በግእዝ ሰፍነግ ተባለ፤ ሁለቱም ቃሉን ያገኙት ከግሪኮች ነው። ታዲያ ይህ ፍጡር ሣር ወይም ቅጠል እንዳይመስላችሁ። እንስሳ ነው!

ይህ ሁሉ ወደ ቤታችን የገባው በልጃችን ደብተር ነው። በጦርነቱ ጊዜ፣ በ2014 ዓ.ም.፣ እንደ አካባቢው ልጆች ሁሉ ከትምህርት ገበታ ርቃ ቆይታለች። ከተመለሰች ወዲህ ግን ያመለጣትን ልትክስ የፈለገች ይመስል መጽሐፍ ከእጇ አይጠፋም። ዘንድሮ አሥረኛ ክፍል ናት። አንድ ምሽት የባዮሎጂ ደብተሯን ከፍታ ዝሆንና ሰፍነግ በአንድ የእንስሳት ወገን ውስጥ እንደሚመደቡና የሩቅ ዘመዳሞች እንደሆኑ አነበበችልን። አያቷ መቁጠሪያቸውን አቁመው ቀና አሉ።

«ምን አልሽ አንች ልጅ?»

«ዘመዳሞች ናቸው እምዬ። የሩቅ።»

«ዝሆን በአራት እግሩ ይሄዳል፣ ልጁን አጥብቶ ያሳድጋል፣ ይሰማል፣ ያያል። ይኼ ድንጋይ ላይ የተለጠፈው ምኑ ነው ዘመዱ?»

አጎቷም በዚያ ምሽት ከእኛ ጋር ነበር። እርሱ ደግሞ የሰጋው ከዚያ ወዲያ ላለው ነው። «ዛሬ ዝሆንና ሰፍነግ ዘመዳሞች ናቸው ያለ መጽሐፍ ነገ ሰውን ይጨምርበታል። በሚቀጥለው ዓመት ክፍል ሲለይ ወደ ማኅበራዊው ትግባ፤ ታሪክና ጂኦግራፊ ይበቃታል» አለ። ይህን ያለው በክፋት አልነበረም። ልጅቷን እንደ ራሱ ልጅ የሚያይ ሰው ነው። ነገር ግን የአንዲት ልጅ መንገድ በአንድ ዓረፍተ ነገር ምክንያት ሲታጠፍ ዝም ብሎ ማየት ከበደን። በመሆኑም ከመፍረዳችን በፊት ነገሩን እስከ ሥሩ ድረስ እንየው ተባባልን። ለዚህ ብዙ ምሽት ሄዶብናል፤ የጠየቅናቸው መምህራንና ያነበብናቸው ጽሑፎችም ጥቂት አይደሉም።

በቅድሚያ ሰፍነግን እንመልከት። ልብ የለው፣ ጨጓራ የለው፣ አንጎል የለው፣ ነርቭ የለው። ታዲያ በምን ይኖራል? ገላው ከዳር እስከ ዳር በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ውኃ በእነዚያ ይገባል፣ በውስጡ ባሉ ጓዳዎች ያልፋል፣ ከዚያም በአንድ ወይም በጥቂት ሰፋ ያሉ ቀዳዳዎች ይወጣል። ውኃውን የሚገፉት በየጓዳው የተሰለፉ ሕዋሳት ናቸው። እያንዳንዱ ሕዋስ እንደ አለንጋ የሚወዛወዝ ቀጭን ክር አለው። ውኃው ሲያልፍ ባክቴሪያና ደቃቅ ምግብ ለቅመው ያስቀራሉ። ለራያ ሰው ይህን ማስረዳት አያስቸግርም። ከምዕራብ ተራሮች የሚወርደውን ጎርፍ እየጠለፍን በቦይ ወደ ማሽላ ማሳችን የምናስገባ ሕዝብ ነን። ውኃው ከማሳ ማሳ ያልፋል፣ አፈሩን ለእኛ ትቶ ይሄዳል። የሰፍነግ ኑሮ እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ ጎርፉን ራሱ መፍጠሩ ነው። በአንድ ቀን ውስጥ ከራሱ መጠን በብዙ ሺህ እጥፍ የሚበልጥ ውኃ ያሳልፋል።

የጥንት ሊቃውንትም በዚህ ፍጡር ተቸግረዋል። የግሪኩ አሪስጣጣሊስ ጠላቂዎች ሊነቅሉት ሲሉ ይኮማተራል የሚባለውን ሰምቶ ጽፏል። ከዚያ በኋላ ግን ለብዙ ዘመን አንዳንዱ ተክል ነው፣ ሌላው በተክልና በእንስሳ መካከል ያለ ነገር ነው ሲል ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1765 ጆን ኤሊስ የተባለ የብሪታንያ ነጋዴና የተፈጥሮ ተመራማሪ ሕያው ሰፍነግን ውኃ ውስጥ አስቀምጦ ሲመለከት ውኃው በቀዳዳዎቹ ሲገባና ሲወጣ አየ። እንስሳ ነው የሚለው አሳብ ከዚያ ወዲህ እየጠነከረ መጣ። ሰፍነግ እንደ ሌሎች እንስሳት የወንድና የሴት ዘር አለው፣ ጽንሱም ውኃ ውስጥ እየዋኘ ይሄድና የሚመቸው ድንጋይ ሲያገኝ ተጣብቆ ይቀራል። ልጅነቱን በጉዞ፣ ዕድሜውን በሙሉ በአንድ ቦታ ያሳልፋል ማለት ነው።

ስለ ዝሆን ብዙ ማለት አያስፈልግም ይሆናል፤ እርሱ ራሱን ያስተዋውቃል። ትልቁ ወንድ የአፍሪካ ዝሆን ወደ 6 ቶን ይመዝናል፣ ትከሻው ከ3 ሜትር ያልፋል። ኩምቢው አጥንት የሌለው፣ በአሥር ሺህዎች በሚቆጠሩ የጡንቻ ክፍሎች የተሠራ ነው። በዚያ ኩምቢ ዛፍ ይገነድላል፣ በዚያው ኩምቢ ደግሞ አንዲት ፍሬ ከመሬት ያነሳል። እርግዝናው 22 ወር ነው። የግመላችን 13 ወር ረጅም ነው ብለን የምንደነቅ ሰዎች እዚህ ላይ ዝም ማለት አለብን። የባስራው ሊቅ አል-ጃሒዝ፣ በ255 ዓመተ ሒጅራ ያረፈው፣ «ኪታቡል ሐየዋን» በተባለው ሰፊ ሥራው ለዝሆን ረዘም ያለ ክፍል ሰጥቶታል። ዝሆን የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አለመሆኑንም ልብ በሉ። በ6ኛው ምእተ ዓመት፣ ከዓመተ ፊል ጥቂት አሥርት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ ኖኖሱስ የተባለ የቢዛንታይን መልእክተኛ ከአዱሊስ ወደ አክሱም ሲጓዝ በመንገዱ ወደ 5,000 የሚሆኑ ዝሆኖች በአንድ ሜዳ ሲግጡ ማየቱን ዘግቧል። ዛሬ በዚያ መንገድ አንድም አይታይም። በሐረር አቅጣጫ፣ በባቢሌ፣ በ1962 ዓ.ም. ለዝሆኖች ጥብቅ ስፍራ ተከልሎላቸዋል። በጋምቤላ፣ በኦሞና በማጎ፣ በጨበራ ጩርጩራ እንዲሁም በቃፍታ ሸራሮ በኩልም ይገኛሉ።

እንግዲህ አያቷ «ምኑ ነው ዘመዱ?» ያሉት ጥያቄ ጥሩ ጥያቄ ነው። በእኛ አገር ዘመድ በመልክ አይቆጠርም። ለጋብቻ ወይም ለውርስ ሽማግሌ ሲቀመጥ ቀይና ጥቁር፣ አጭርና ረጅም አይባልም፤ እከሌ የእከሌ ልጅ፣ እከሌ የእከሌ እየተባለ እስከሚገናኙበት ድረስ ወደ ላይ ይቆጠራል። መልክ ብዙ ጊዜ ያታልላል። ጎረቤትህ ቁርጥ አንተን መስሎ ባዳ ይሆናል፤ አይተኸው የማታውቀው፣ መልኩም የማይመስልህ የአያትህ የእህት የልጅ ልጅ ይሆናል። የእንስሳት አጥኚዎችም የሚሠሩት ይህንኑ ነው። ሽማግሌ ስለሌላቸው አጥንትን፣ ጥርስን፣ ጽንስን፣ በመጨረሻም በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ያለውን ዲ.ኤን.ኤ. ይጠይቃሉ።

ለዚህ ከሮቢት ሳንወጣ የምናገኘው ምስክር አለ፤ ሽኮኮ። ከብት ጠባቂ ልጅ ሁሉ ያውቃታል። ከከተማችን በስተ ምዕራብ ባለው ገደል፣ በምሥራቅም በዞብል ተራራ በኩል፣ ከድንጋይ ስንጥቅ ወጥታ ጠዋት ፀሐይ ትሞቃለች፣ ጭልፊት ስታይ ጮኻ ትገባለች። ከድመት ብዙም አትበልጥም። አይጥ ወይም ጥንቸል ትመስላለች። ዐረቦች ወብር ይሏታል። ይህችን ፍጡር ከሌሎች እንስሳት ጋር ያስተያዩ ሊቃውንት ግን የአይጥም የጥንቸልም ዘመድ ሆና አላገኟትም። ዛሬ ካሉ የየብስ እንስሳት ሁሉ ለዝሆን በጣም የምትቀርበው እርሷ ናት! ከእርሷ ጋር የሚቆጠረው ሌላው የዝሆን ቅርብ ዘመድ ደግሞ በቀይ ባሕር የሚኖረውና የባሕር ሣር የሚግጠው ዱጎንግ ነው።

ልጃችን ይህን ስትነግረን አጎቷ ሳቀ። እኛም ሳቅን። ነገር ግን ሽኮኮን ቀረብ ብሎ ላያት ሰው ምልክቱ አለ። ጥፍሯ እንደ ድመት የሾለ ሳይሆን እንደ ዝሆን ጠፍጣፋ፣ ሰኮና መሰል ነው። ከላይ በፊት ያሉት ሁለት ጥርሶቿ ዕድሜዋን ሙሉ የሚያድጉ ናቸው፤ የዝሆን ቀንድ ብለን የምንጠራውም በእውነቱ ቀንድ ሳይሆን እንዲሁ የፊት ጥርስ ነው። እርግዝናዋ ደግሞ 7 ወር ያህል ይፈጃል። ፍየል በ5 ወር ትወልዳለች። ከፍየል ስንት እጅ የምታንስ እንስሳ ለምን 7 ወር ታረግዛለች? ከትልልቆቹ ዘመዶቿ ጋር የምትጋራው ጠባይ ነው ይላሉ። ዲ.ኤን.ኤ.ውም ሲመረመር ይህንኑ አጸና።

የእነዚህ ዘመዳሞች ጥንታዊ ቅሪት ደግሞ በዚሁ በአማራ ክልል፣ ከጎንደር በስተ ምዕራብ ባለችው በጭልጋ ይገኛል። ከጎንደር ወደ መተማ የሚወስደውን መንገድ የያዘ ሰው ያልፍባታል። የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ጆን ካፕልማን ከኢትዮጵያውያንና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር በዚያ ቆፍረው ያገኙትን እ.ኤ.አ. በ2003 ይፋ አደረጉ። 27 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠሩ የጥንት የዝሆን ወገኖች አጥንትና ጥርስ ነበር። ከእነርሱም አንዱ በቦታው ስም «ቺልጋቴሪየም» ተብሏል። ከእነዚሁ ጋር በዚያው አፈር ውስጥ የጥንት ሽኮኮዎችም ተገኝተዋል፤ ከዛሬዎቹ እጅግ የሚበልጡ። ያን ጊዜ አፍሪካና ዐረብ አገር አንድ ላይ ሆነው ከሌላው ዓለም በባሕር ተለይተው ነበር። ዝሆን ወደ እስያ የተሻገረው በኋላ ምድሪቱ ከምድሪቱ ስትገናኝ ነው። የህንድ ዝሆን ጥንተ አገሩ ወደዚህ ነው ማለት ነው።

ዝሆንና ሽኮኮ እንግዲህ የቅርብ ናቸው፤ የሚገናኙበት ትውልድ ከ60 ሚሊዮን ዓመት በፊት ግድም ይቆጠራል። ዝሆንና ሰፍነግ የሚገናኙት ግን ከ600 ሚሊዮን ዓመት በላይ ወደ ኋላ ተሂዶ ነው ይላሉ። ያን ያህል ርቀት ላይ ያለን ዘመድ በምን ያውቁታል? ጥርስ የለው፣ ጥፍር የለው።

መልሱ ያለው ሕዋሳቱ አብረው በሚኖሩበት ሥርዓት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 ሄንሪ ዊልሰን የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ አንድ ሰፍነግ ወስዶ በስስ የሐር ጨርቅ አጥልሎ ጨመቀው። ልክ እናቶቻችን ጭማቂ እንደሚያጠሉት ማለት ነው። ወደ ውኃው የወረደው የተበተነ የሕዋሳት ብናኝ ነበር። ሞተ ሲባል ሕዋሳቱ በውኃው ወለል ላይ እየዳኹ ተፈላለጉ፣ ተያያዙ፣ ቀስ በቀስም እንደገና ሰፍነግ ሆኑ። ሱብሓነላህ! እኛ ይህን ስናነብ መጽሐፉን ዘግተን ዝም ያልንበት ጊዜ ነበር።

ሕዋስ ሕዋስን የሚያውቅበት፣ የሚይዝበት፣ አብሮ የሚቆምበት ሥርዓት የእንስሳት ሁሉ መሠረት ነው። ሕዋሳትን እንደ ጭቃና ገለባ አጣብቆ የሚይዘው ኮላጅን የተባለው ነገር በሰፍነግም በዝሆንም አለ። ዝሆኑን ቆዳና ጅማት አድርጎ ያቆመው እርሱ ነው፤ በድሮ ጊዜ ለገላ መታጠቢያ የሚሸጠውን ሰፍነግ ያለሰለሰውም የዚሁ ወገን የሆነ ነገር ነው። በተክል ውስጥ ግን አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ በአውስትራሊያ ታላቁ የባሕር ዛጎል አካባቢ የሚኖር የአንድ ሰፍነግ ዲ.ኤን.ኤ. ሙሉ በሙሉ ተነበበ። ከ18,000 በላይ ጂኖች ተቆጠሩ። ብዙዎቹ በሌሎች እንስሳትም ያሉ ናቸው። አንድ ሕዋስ መቼ እንዲከፈል፣ መቼ እንዲቆም፣ መቼም እንዲሞት የሚያዝዙት ይገኙባቸዋል። አንጎልና ጡንቻ የሌለው ፍጡር አንጎልና ጡንቻ ላላቸው የሚያገለግሉ ዕቃዎችን በጓዳው ይዞ ተገኘ።

እዚህ ላይ ለምን እንዲህ እንደተጨነቅንበት መናገር ይገባናል። የእህታችን ልጅ ከጥቂት ዓመታት በፊት ታመመ። ትኩሳቱ አልለቀው አለ፣ ድዱ ደማ፣ ፊቱ ገረጣ። በመጨረሻ አዲስ አበባ ተወስዶ የደም ካንሰር፣ ሉኬሚያ፣ እንደሆነ ተነገረን። ሁለት በሬና አንድ ግመል ተሸጠ። ከአዲስ አበባ ማን አለን ተብሎ ዘመድ ሲቆጠር፣ እናቱ በአምስተኛው ትውልድ የምትገናኘው፣ አንዳችንም አይተነው የማናውቀው ሰው ተገኘ። እርሱም «የት ልትሄዱ ነው?» ብሎ ሁለቱን ክፍል ቤት ከፍሎ አንዱን ሰጣቸው። ለስምንት ወር እናትና ልጅ እዚያ ኖሩ። ሐኪሞቹ ከሰጡት መድኃኒቶች አንዱ በወረቀቱ ላይ ሳይታራቢን ይባላል። ልጃችን የአክስቷን ልጅ ወረቀት ከደብተሯ ጋር ይዛ ስትፈትሽ የዚህን መድኃኒት ታሪክ ያገኘችው እርሷ ናት።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ቨርነር በርግማን የተባሉ የኬሚስትሪ ሊቅ በካሪቢያን ባሕር ከሚኖር አንድ ሰፍነግ ውስጥ እንግዳ ነገሮች አገኙ፤ ግኝታቸውም እ.ኤ.አ. ከ1950 ግድም ጀምሮ ታወቀ። እነዚህ ነገሮች ዲ.ኤን.ኤ. የሚሠራባቸውን ጡቦች ይመስላሉ፤ ነገር ግን በውስጣቸው ያለው ስኳር የተለየ ነው። ኬሚስቶች ይህን አይተው በአምሳያው ሳይታራቢንን በቤተ ሙከራ ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ ለሉኬሚያ ሕክምና ተፈቀደ፤ እስከ ዛሬም ይሠራበታል። አሠራሩ ማታለል ነው። የካንሰሩ ሕዋስ ያለ ልክ ሊባዛ ሲል ዲ.ኤን.ኤውን መገልበጥ አለበት። ለግልባጩ ጡብ ሲሰበስብ ይህን የሐሰት ጡብ ይወስዳል። ግንቡ እዚያ ላይ ይቆማል፣ ሕዋሱም ይሞታል። ቶሎ ቶሎ የሚባዙ ጤነኛ ሕዋሳትም አብረው ይጎዳሉ። የልጁ ፀጉር የረገፈውና ምግብ አልረጋ ያለው በዚህ ነበር።

አስቡት እስቲ። ባሕር ውስጥ ድንጋይ ላይ ከተጣበቀ፣ ዓይንና ልብ ከሌለው ፍጡር የተቀዳ ነገር በአንድ የራያ ልጅ ደም ውስጥ ገብቶ የልጁ ሕዋስ የራሴ ነው ብሎ ተቀበለው። ባዳ ቢሆን ኖሮ ባልተታለለ ነበር። በእርግጥ የዲ.ኤን.ኤ. ጡቦች ለሕያዋን ሁሉ፣ ለማሽላችን ጭምር፣ የጋራ ናቸው፤ የእንስሳት ብቻ አይደሉም። ቢሆንም ዝምድና የሚባለው ነገር በመጽሐፍ የተጻፈ መስመር ብቻ አለመሆኑን ለእኛ ቤት ያሳየን ይኸው መድኃኒት ነው። ከሰፍነግ ተነሥቶ የተሠራ ሌላም አለ። በጃፓን ባሕር ከተገኘ ሰፍነግ የተነሡ ሊቃውንት ኤሪቡሊን የተባለውን የጡት ካንሰር መድኃኒት ሠርተዋል፤ የተፈቀደውም እ.ኤ.አ. በ2010 ነው።

ዝሆንም በዚህ በኩል ባዶ እጁን አልመጣም። ገላው ግዙፍ ነውና ሕዋሳቱ ከእኛ እጅግ ይበዛሉ፤ ዕድሜውም ረጅም ነው። በስሌት ቢሆን ኖሮ ካንሰር ዝሆንን ሊጨርሰው በተገባ ነበር። ነገር ግን ከዝሆኖች በካንሰር የሚሞቱት ከመቶ 5 ግድም ብቻ ናቸው፤ ከሰው ያነሰ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጡ ጥናቶች አንዱን ምክንያት አሳዩ። ዲ.ኤን.ኤው የተበላሸን ሕዋስ እንዲቆም ወይም እንዲሞት የሚያዝዘው ፒ 53 የተባለው ዘበኛ በሰው ዘንድ አንድ ጂን ሲሆን፣ በዝሆን ዘንድ ግን ቅጂዎቹ ወደ 20 ይደርሳሉ። ሊቃውንቱ ከዚህ ለሰው የሚሆን መላ ይገኝ እንደሆነ እየመረመሩ ነው።

የአጎቷ ሥጋት ግን ገና አልተመለሰም። በመሆኑም ነገሩን በመስጂዳችን ለሚያስቀሩት ሸኽ ወስደን ጠየቅናቸው። በዕድሜ የገፉ፣ ኪታብ ሲያስቀሩ የኖሩ ሰው ናቸው። በመጀመሪያ ስለ ሽኮኮ ስንነግራቸው ደስ ብሏቸው ሦስት ጊዜ አስደገሙን። ከዚያም በሱረቱ ኑር ውስጥ ስለ እንስሳት አፈጣጠርና አካሄድ የሚናገረውን አንቀጽ ጠቀሱልን። እንስሳት ከምን እንደተፈጠሩና እንዴት እንደሚለያዩ መመርመር የተከለከለ አለመሆኑን፣ የቀደሙት ዑለማም ስለ እንስሳት ብዙ እንደጻፉ አስረዱን። የአደም ዐለይሂ ሰላም አፈጣጠር ግን በወሕይ የመጣ ስለሆነ በእርሱ ላይ ያለን እምነት በመማሪያ መጽሐፍ የሚሰፋም የሚጠብም እንዳይደለ ነገሩን። አጎቷ «ፈተና ላይ ቢመጣስ?» አላቸው። «መጽሐፉ ምን ይላል ተብላ ከተጠየቀች መጽሐፉ የሚለውን ትጻፍ። አንተ ምን ታምናለህ ተብለህ ስትጠየቅ ደግሞ አንተ መልስ» አሉት። በዚህ ጉዳይ ሌሎች ዑለማ ከዚህ የጠበቀም የላላም አስተያየት እንዳላቸው እናውቃለን። እኛ የሰማነውን ጻፍን።

አያቷን ያሳመናቸው ግን ሸኹም መጽሐፉም አይመስለንም። ስለ ሳይታራቢን ስንነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ ይኼ ነገር የሚኖረው የት ነው? ባሕሩ ከእኛ ሩቅ ነው» አሉ። ልጃችንም መልሱን ይዛ ነበር። ሰፍነግ ሁሉ የባሕር አይደለም፤ በጨው አልባ ውኃ የሚኖሩም አሉ። በጣና ሐይቅ ውስጥ አንድ አለ። የጣሊያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ለሳይንስ ሲያስተዋውቁት «ማኬዲያ ታኔንሲስ» ብለውታል። እንግዲህ የዝሆን ጥንታዊ ወገኖች የተቀበሩባት ጭልጋና ሰፍነጉ ያለበት ጣና ጎረቤታሞች ናቸው። ከባሕር ዳር ተነሥቶ ጎንደር ገብቶ ወደ ጭልጋ የሚሄድ መንገደኛ ሁለቱንም ሳያውቅ በአንድ ቀን ያልፋቸዋል። አያቷ ይህን ሲሰሙ «ጣና? እምቦጭ የወረረው ጣና?» አሉ። አዎን፣ እርሱው። አረሙ በሐይቁ ላይ ከታየ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ነው። ዓሣው ሲነገርለት እንሰማለን፤ ስለ ሰፍነጉ ግን የሚናገር ሰው አልገጠመንም። በባቢሌም የዝሆኑ መኖሪያ በእርሻና በሰፈራ እየተጣበበ ነው፤ ለጥርሱ የሚገድሉትም አልጠፉም።

አጎቷ አሁንም ሙሉ በሙሉ ልቡ አላረፈም። ነገር ግን ቅጹ ሲመጣ «ተፈጥሮ ሳይንስ» በሚለው ላይ ምልክት ስታደርግ አጠገቧ ነበር፣ ከልካይም አልሆነም። ልጁም አልሐምዱ ሊላህ ሕክምናውን ጨርሶ ትምህርት ገብቷል፤ ለክትትል በየጊዜው ይመላለሳል። የሚቀጥለው ቀጠሮው ማሽላ ከተሰበሰበ በኋላ ነው። ልጃችን አብራ ለመሄድ ጠይቃ ተፈቅዶላታል፤ ማረፊያዋም በዚያው በሩቁ ዘመዳችን ቤት ነው። ለሐኪሙ የምታቀርባቸውን ጥያቄዎች ከወዲሁ በአንድ ገጽ ጽፋለች። የመጀመሪያው «ሰፍነጉ ራሱ በዚህ የሐሰት ጡብ ለምን አይሞትም?» የሚል ነው።